ዕቁብ አይደለም፣ ዕጣ ነው

ሰላም ናችሁ? እዚህ ከፃፍኩ ቆየሁ አውቃለሁ። ዛሬ መብራትም አለ፣ ልጄም በጊዜ ተኝታልኛለች፣ ዋናው ግን ያለፈው ሳምንት አንድ ቃል አበሳጭቶኝ እስካሁን አልለቀቀኝም። ቃሉ «በዘፈቀደ» ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ፣ ግን ዋርድ ላይ መድሃኒት የምታዞር አይነት ሳይሆን የጥናት ነርስ፣ ስተዲ ነርስ የሚሉን። እዚህም እዚያም የተለያየ ጥናት ላይ ሰርቻለሁ፣ የቱ ጥናት ላይ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም፣ ሰው እንዳይለይበትም አንዳንድ ነገር ለዋውጫለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ «መድሃኒት የሚሞከርበት ነው የምትሰራው» ብላ ነው። አንዷ ጎረቤት «በሰው ላይ?» ብላ የያዘችውን ስኒ መልሳ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው። አልፈርድባትም፣ ሙከራ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል።

ጎንደር ለጥናት አዲስ ከተማ አይደለችም እኮ። የጤና ኮሌጁ በፈረንጆቹ 1954 ሲከፈት ጀምሮ ተማሪ ገጠር እየወረደ ነው የተማረው፣ ዳባት ላይ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት ማን ተወለደ ማን ሞተ ማን ለቆ ሄደ እያሉ የሚመዘግቡበት የጥናት ማዕከል አለ፣ ቅፅ የያዘ ልጅ በር ሲያንኳኳ እዛ እንግዳ ነገር አይደለም። መጠይቅ መሙላት ግን አንድ ነገር ነው፣ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ከሁለት መድሃኒት አንዱን እንሰጥሃለን፣ የቱ እንደሚደርስህ አንተም እኔም አናውቅም» ማለት ሌላ ነገር ነው።

የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት ገደማ ነው። የካላዛር ጥናት ላይ ነበርኩ።

ካላዛርን ቆላ ያልወረደ ሰው ላያውቀው ይችላል። የአሸዋ ዝንብ የሚሏት አለች፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ጆሮ ላይ እንኳን የማትጮህ፣ የተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት፣ ኩይሳ፣ የግራር ጥላ ትወዳለች። ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ሁመራ ሰሊጥና ማሽላ ሊያርሙ ሊያጭዱ የሚወርዱ ልጆች ማታ ደክሟቸው እዛው ሜዳ ላይ ይተኛሉ፣ ያኔ ነው የምትነክሳቸው። ጥገኛ ተህዋሱ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ ይገባል። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውየው ይከሳል፣ ደሙ ያልቃል፣ ሆዱ ብቻ ወደፊት ይወጣል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይሞታል። ሁልጊዜ የቆላ በሽታ ብቻም አይደለም፣ በ2004 እና 2005 እ.ኤ.አ. ሊቦ ከምከም ላይ ተነስቶ ብዙ ሰው ጨርሷል፣ መጀመሪያ መድሃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር፣ ቆላ ሰርተው የተመለሱ ልጆች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም ነው የሚባለው።

እና አንድ ልጅ መጣ። በለሳ ነው ሀገሩ፣ መተማ በኩል ሳሉግ፣ ማለትም የእርሻ የጉልበት ሰራተኛ፣ ሆኖ ሲሰራ ሁለት ክረምት ከርሟል። 44 ኪሎ። ጣፊያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ነው የምንለካው፣ ከጎድኑ ጫፍ እስከ ጣፊያው ጫፍ፣ ጫፉን በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ የሱ ምልክት እምብርቱን አልፎ ነው ያረፈው። ከጣፊያው በመርፌ ናሙና ተወሰደ (ይሄን ስፅፍ ቀላል ይመስላል፣ ከመወጋቱ በፊት ደሙ በደንብ እንደሚረጋ ይመረመራል፣ ከተወጋ በኋላ ለሰዓታት አይነሳም፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ ግፊቱን እየለካሁ ነው የማሳልፈው)፣ ተገኘበት።

ከዛ ስምምነት። ቅፁ 14 ገፅ ነው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይፃፋል፣ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፣ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያስተያያል፣ አይአርቢ (የጥናት ስነምግባር ኮሚቴ) ያየዋል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ማህተም ይመታበታል። በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ቦታ ላይ የበለሳ ልጅ የለም። «አሉታዊ ክስተት» ይላል። አሉታዊ ክስተት ብሎ የታመመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መድሃኒቱ ቢያስቸግርህ፣ ጆሮህ ቢጮህ፣ ልብህ ቢደልቅ፣ ሆድህን ቢቆርጥህ ንገረኝ ነው እኮ ነገሩ። «5 ሚሊ ሊትር ደም» ይላል፣ እኔ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ደም ሲባል ሁሉም ሰው ልቡ ውስጥ «ይሸጡታል» የሚል ነገር አለ፣ ማንኪያ ሲሰማ ትንሽ ፊቱ ይፈታል።

ልጁ ማንበብ አይችልም። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥናቱ ውጪ የሆነ ምስክር መኖር አለበት፣ ማዶ አልጋ ያለ በሽተኛ የምታስታምም ሴትዮ ለመንኩና አጠገባችን ተቀመጠች። ማንበብ ጀመርኩ። ዕጣው ጋ ስደርስ ቅፁን አጥፌ አስቀመጥኩትና የራሴን ጀመርኩ፣ ያኔ በጣም የምኮራበት ምሳሌ ነበረኝ፣ አዳዲስ ልጆችም አስተምሬዋለሁ።

«ዕቁብ ታውቃለህ አይደል?»
«አውቃለሁ ሲስተር።»
«ዕጣ ይወጣል፣ ለማን እንደሚወጣ ዳኛውም አያውቅም። ይሄም እንደዛ ነው። አንዱ ቡድን ሁለት አይነት መርፌ ነው፣ ሌላው ኪኒን አለው። ለየትኛው እንደምትሆን በዕጣ ነው።»
«እሺ ሲስተር።»

እሺ አለ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ፣ ሴትዮዋም ፈረመች። መርፌው ደረሰው። በማግስቱ አጠገቡ የተኛ ልጅ ደግሞ ኪኒኑ ደረሰው።

ይሄ መርፌ ቀልድ አይደለም እሺ። ኤስኤስጂ የምንለው የካላዛር መርፌ በቀን በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው፣ 50 ኪሎ ሰው ላይ በቀን 10 ሚሊ ማለት ነው፣ ስንቱ መቀመጫ ይችለዋል፣ ሁለተኛው መርፌ፣ ፓሮሞማይሲን፣ ሲጨመር በቀን ሁለት መርፌ። ልጁ አንዴም አላማረረም። ጎረቤቱ ኪኒኑን በውሃ ሲያወራርድ ያየዋል፣ ዝም ይላል፣ ጎኑን ይሰጠኛል፣ እወጋዋለሁ። እኔ ደግሞ «እንዴት ጨዋ ልጅ ነው» እላለሁ ለጓደኞቼ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት መርፌውን ስስብ እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ የኔ ዙር መቼ ነው?»

«የምን ዙር?»
«የኪኒኑ። እሱ ቀድሞ ወጣለት፣ እኔ ጋ መቼ ይደርሳል ብዬ ነው።»

መርፌውን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ዕቁብ! ዕቁብ ላይ እኮ ሁሉም ሰው ይደርሰዋል! ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ ማን ኋላ እንደሚበላ ብቻ ነው። ለአምስት ቀን ዝም ብሎ የተወጋው ጨዋ ስለሆነ አልነበረም፣ ተራውን እየጠበቀ ነው። እኔ የምኮራበት ምሳሌ ነው ይሄንን ያደረገው፣ 14 ገፁ እንኳን እንደዛ አይልም።

የዛኑ ቀን አባቱ ከበለሳ ገቡ። ጋቢ፣ ዱላ፣ በፌስታል ዳቦ ቆሎ። ቀኑ ጳጉሜ 3 ነበር፣ ሩፋኤል፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ አስታማሚው ሁሉ ግቢ ወጥቶ ይመታል፣ መነሳት የሚችል በሽተኛም ጋውኑን ጥሎ በር ላይ እጁን ይዘረጋል፣ እኛም «ተው ብርድ ይመታሃል» ማለቱን ትተን አብረን እናያለን። አባትየው ፊታቸው ላይ ጠበሉ እንዳለ ገቡና ልጃቸውን ቀቡት። እኔ ዋናውን ዶክተር ጠርቼ ስህተቴን ነግሬ ነበር፣ እንደገና ከመጀመሪያው እናስረዳው ተባለ፣ ስለዚህ ሁለቱም ባሉበት ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ዕቁብ ብዬ አሳስቼሃለሁ፣ ሁለተኛ ዙር የለም፣ የደረሰህ የደረሰህ ነው፣ አልፈልግም ካልክ ግን ዛሬውኑ መውጣት ትችላለህ፣ ህክምናህ አይቋረጥም፣ ከጥናቱ ውጪም ቢሆን የሚሰጥህ ይሄው መርፌ ነው አልኩት።

ልጁ ወደ አባቱ አየ። አባትየው ዱላቸውን አገጫቸው ስር ተክለው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር።

«ይሄማ የርስት ዕጣ ነው» አሉ።

ምን ማለት ነው አባቴ አልኳቸው። አባታቸው ሲሞቱ እሳቸውና ወንድማቸው መሬት እንዴት እንደተካፈሉ ነገሩኝ። ሽማግሌዎች መሬቱን በእግራቸው ዞረው ሁለት ቦታ ይከፍሉታል፣ ወንዝ ዳሩ ላይ ያለው ጠበብ ይላል፣ ጭንጫው ሰፋ ይላል፣ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቁ ማንም እንዳይጎዳ አስተካክለው ነው የሚከፍሉት። ከዛ አንዱ ጠጠር አንዱ ስንጥር ያዋጣል፣ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ህፃን ተጠርቶ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ያስቀምጣል። አለቀ። «ከወጣ በኋላ ይለወጥልኝ የለም። ተራም የለውም። የኔ ጭንጫው ነው የደረሰኝ፣ እስካሁን አርሰዋለሁ።»

እኔ ስንት ስልጠና ወስጃለሁ፣ ጂሲፒ የሚባለው የጥናት አሰራር ደንብ ሰርተፍኬቴ በየጊዜው ይታደሳል፣ አንድም አሰልጣኝ እንደዚህ አድርጎ አላስረዳኝም። ሽማግሌው አስተካክሎ የሚከፍለው ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ ነው። እኛም እኮ ዕጣ መጣል የሚፈቀድልን ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ በእውነት ካላወቅን ነው፣ ካወቅንማ ያንኛውን መስጠት ነው እንጂ ምን ዕጣ ያስፈልጋል።

ግን አባትየው አልጨረሱም። ዱላቸውን ወደኔ ቀና አደረጉና ጥያቄ ጀመሩ፣ እንደዛ ቀን ጥያቄ የበዛብኝ የለም፣ ጥናቱን የሚያሰራው ድርጅት የሚልከው ተቆጣጣሪ፣ ሞኒተር የምንለው፣ እንኳን እንደሳቸው አላፋጠጠኝም።

«ዕጣውን የሚያወጣ ማነው? አንቺ ነሽ?»

አይደለሁም አልኳቸው። በኮምፒውተር ሌላ ቦታ ወጥቶ፣ በቁጥር ቁጥሩ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ አንድ ሰው ተስማምቶ ከፈረመ በኋላ ነው የሚቀደደው፣ በብርሃን ቢያዩትም ውስጡ አይታይም። አሳየኋቸው፣ የተቀደደውን የልጃቸውን ፖስታ። ገለበጡት፣ ወደ መስኮቱ አነሱት። «ደግ። አስጣዩ ዘመድ ካለው ዕጣ አይባልም» አሉ።

«መርፌው ያድናል ካላችሁ ለምን ሌላ ትሞክራላችሁ ታዲያ?»

ይሄን ስመልስ ረጅም ወሬ ሆነ። ድሮ ኤስኤስጂ ብቻውን ለ30 ቀን ነበር የሚሰጠው፣ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ መወጋት፣ ልብና ቆሽትም ይጎዳል። ከዛ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና እኛ ሀገር ጎንደርና አርባ ምንጭ ላይ ሰዎች እንደዚሁ ዕጣ ተጥሎላቸው፣ ከፓሮሞማይሲን ጋር ቢቀላቀል በ17 ቀን ማለቅ እንደሚችል ታየ። ልጅዎ ዛሬ በ30 ፋንታ 17 ቀን የሚወጋው ያኔ እሺ ባሉ ሰዎች ነው አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡ። «እነዛ ልጆች የት አሉ አሁን?» አሉ። የት እንዳሉ ምን አውቄ፣ አንዳንዱ በለሳ፣ አንዳንዱ ሁመራ ይሆናል፣ ሰሊጥ እያጨደ።

(ለናንተ ለአንባቢዎች ልጨምር፣ ለሳቸው ይሄን አላልኩም። ኤችአይቪና ካላዛር አንድ ላይ ላለባቸው ሰዎች ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተሰራ ሙከራ አለ፣ አምቢዞም የሚባል በደም ስር የሚሰጥ መድሃኒት ብቻውን ሲሰጥ የዳኑት 55 በመቶ ሲሆኑ ከሚልቴፎሲን ኪኒን ጋር ሲቀላቀል 88 በመቶ ደረሰ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያውን ቀየረ። በዛው ዓመት ደግሞ በሚልቴፎሲንና ፓሮሞማይሲን የ14 ቀን ህክምና ከ17 ቀኑ ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው የሚያሳይ የምስራቅ አፍሪካ ሙከራ ታተመ፣ ማለትም ከሁለቱ መርፌ አንዱን በኪኒን መተካት ይቻላል ማለት ነው። ከዋርዳችን መስኮት ማዶ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሁለት አልጋና አንድ ፖስታ ነው፣ ግን እንዲህ ነው የሚጠራቀመው።)

የመጨረሻው ጥያቄ «ምንም የሌለው መድሃኒት የሚሰጠው ሰው አለ?» የሚል ነበር፣ ሬዲዮ ሰምተው ነው መሰለኝ። የለም አልኳቸው፣ ካላዛር እንደዛ አይቀለድበትም፣ ሁለቱም ወገን እውነተኛ መድሃኒት ነው።

ከዛ ወደ ልጃቸው ዞረው «አንተ ነህ የምትወስነው፣ ገላው ያንተ ነው» አሉት። ልጁ እኔን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው ያየው፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለካ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ኖሯል፣ «እኔም ዙር ያለው መስሎኝ መርፌው መቼ ይመጣብኛል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ሳቀ። እሱንም እንደገና ማስረዳት ነበረብኝ በቃ።

ቀጠለ። እንደገና ጣቱን አሳረፈ፣ ምስክሯ ሴትዮ እንደገና ፈረመች፣ ቀኑን ፃፈች፣ 3/13። ሌላ ጣጣ መጣ እሱ ደግሞ። ከሁለት ወር በኋላ ሞኒተሩ ፋይሉን ሲያገላብጥ «ወር 13 ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። ኮምፒውተሩ ላይ ወር መምረጫው 12 ነው ያለው፣ ጳጉሜ የምትባል ነገር የለችም፣ እኛ ሴፕቴምበር 8 ብለን ነው የምናስገባው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የሴትዮዋ እጅ ፅሁፍ ስለሆነ መነካት የለበትም። አስራ ሦስት ወር አለን፣ ቱሪዝም ኮሚሽን እንኳን ይፎክርበት ነበር ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ማስታወሻ ተፅፎ ተያያዘ። ዕድሜውም እንደዛው ነበር፣ የልደት ቀን የሚለው ባዶ እንዳይሆን አባትየውን ስጠይቃቸው «በ89 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ገና ጡት ይጠባ ነበር» አሉኝ፣ ከሱ ተነስቼ ቆጥሬ ነው የሞላሁት። ሰዓቱንማ ተዉት፣ ጠዋት 2 ሰዓት የተሰጠ መርፌ ስንቴ ሌሊት ተብሎ ተመልሶብናል።

እና «በዘፈቀደ»። ከዛ ወዲህ በምሳተፍበት ጥናት ሁሉ ቅፁ ላይ የርስት ዕጣውን በሁለት መስመር አስገባለሁ፣ ሽማግሌዎች መሬት ሲያካፍሉ እንደሚጣለው ዕጣ፣ ዙር የለውም፣ አይለወጥም ብዬ። ያለፈው ሳምንት አንድ ገምጋሚ ሰርዞ መለሰልኝ። ቋንቋው «ሳይንሳዊ» አይደለም ተባለ፣ በቦታው «ተሳታፊዎች በዘፈቀደ ይመደባሉ» የሚል ተተካ። ቃሉ መዝገበ ቃላት ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ጎንደር ነው ያደግኩት፣ በዘፈቀደ ማለት ለኔ ሰፈር ዝም ብሎ፣ እንደመጣለት፣ ሳይጠነቀቅ ማለት ነው። ለአንድ የታመመ ሰው «መድሃኒት በዘፈቀደ እንሰጥሃለን» ልበለው? እሱ ቢነሳና ጫማውን አድርጎ ቢወጣ ማነው ጥፋተኛው? ደብዳቤ ፅፌያለሁ፣ አራት ገፅ ሆነብኝ፣ ባለቤቴ አሳጥሪው ብሎኛል። ገምጋሚው ተሳስቷል ብዬ ብቻ አልፅፍም ደግሞ፣ እኔም በዕቁቤ ስንት ሰው እንዳሳሳትኩ አላውቅም፣ የጠየቀኝ እሱ አንዱ ብቻ ነው።

ልጁ መጋቢት ላይ ለስድስት ወር ክትትሉ መጣ። እውነቱን ለመናገር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፣ የሰጠን ስልክ መተማ በኩል ገንዳ ውሃ ከተማ ያለ የአንድ ሱቅ ነበር፣ ባለሱቁ «እነግረዋለሁ» ብሎ ሦስት ጊዜ ዘግቶብኛል። 57 ኪሎ። አስተኝቼ ሜትሩን ዘረጋሁ፣ ከጎድኑ ስር በጣቴ ፈለግኩ፣ ጣፊያው የለም፣ ማለቴ አለ ግን በእጅ አይገኝም፣ ሜትሩን መልሼ ጠቀለልኩት። ዜሮ ብዬ ፃፍኩ።

«ሲስተር፣ ያ ጎረቤቴ እንዴት ሆነ? ኪኒኑ ሰራለት?»
«የሌላ ሰው ነገር አልነግርህም፣ ሚስጥር ነው፣ ያኔም ነግሬሃለሁ።»
«እሱማ አውቃለሁ» አለ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ከመተማ አንድ ላይ ነው የመጣነው፣ ውጪ ሻይ ይዞ እየጠበቀኝ ነው፣ ቀጣዩ እሱ ነው።»